የሞተሩ ዘይት የማን ነው?

«የሞተር ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር?» ለሚለው ጥያቄ ሐዋሳ ውስጥ መልስ ጠፍቶ አያውቅም። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ለሦስት መካኒኮች ቢቀርብ ሦስት ቁጥር ይዞ መመለስ ይቻላል። አንዱ «በ1,000 ቀይር» ይላል። ሌላው «እስከ 2,000 ችግር የለውም» ይላል። ሦስተኛው «ሲጠቁር አምጣው» ብሎ ይገላገላል። ዘይት ሻጩ ደግሞ «ይኼኛው 5,000 ይሄዳል» እያለ ውዱን ከመደርደሪያ ያወርዳል።

ክርክሩ ሁልጊዜ በቁጥሩ ላይ ነው። የትኛውም ቁጥር ቢመረጥ ግን፣ ቀኑ ሲደርስ ዘይቱን የሚቀይረው ሰው ካልታወቀ ሞተሩን አያድነውም። ብዙ የሥራ ሞተር ያለዕድሜው የሚያረጀው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱና ሞተረኛው ስለ ገቢው ተስማምተው፣ ስለ ዘይቱ ሳይነጋገሩ ሥራ ይጀምራሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሥራ የሚሮጥ ሞተር ወይም ባጃጅ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው አለበት። አንዱ ሊብሬው በስሙ የወጣው ባለቤት ነው። ሌላው ጠዋት ቁልፍ ተቀብሎ ማታ የዕለቱን ገቢ የሚያስረክበው ልጅ ነው። ውሉ የቃል ነው። የቀን ገቢው ስንት እንደሆነ፣ ነዳጁን ማን እንደሚሞላ፣ እሑድ የማን እንደሆነ በደንብ ይነገራል። ወሬው ዘይት ላይ ሲደርስ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ባለቤቱ በልቡ «እየነዳ የሚበላው እሱ ነው፣ ይቀይር» ይላል። ልጁም በልቡ «ሞተሩ የሱ ነው፣ ያስቀይር» ይላል። በዚህ መሀል ሞተሩ ባረጀ ዘይት ይሮጣል።

ሁለቱም ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ሒሳቡ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው። ልጁ ዛሬ ዘይት ቢገዛ ገንዘቡ ዛሬውኑ ከኪሱ ይወጣል፤ ጋራዥ የቆመበት ሰዓትም ከገቢው ይጎድልበታል። ጥቅሙ የሚታየው ግን ከዓመት በኋላ ነው፤ ያኔ ልጁ የሌላ ሰው ሞተር ላይ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ በበኩሉ ሞተሩን የሚያየው ማታ፣ ቆሞ ነው። ሰውና ጆንያ ጭኖ ዳገት ሲወጣ፣ አቧራ ውስጥ ሲውል፣ ከልክ በላይ ሲሞቅ አላየውም። የሚያየው ሰው አያተርፍም፤ የሚያተርፈው ሰው አያይም።

የመሥሪያ ቤት ሞተርም ከዚህ አያመልጥም። የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ገጠር ቀበሌ እንዲደርስበት የተሰጠ ሞተር ዘይት ሊቀየርለት ሲል ጥያቄ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ግዢ ይጠበቃል። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲዞር ሞተሩ መንገድ ላይ ነው። በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ራሱ የሚነዳ ሰው ግን፣ ስለ ሞተር ከሌላው የበለጠ ባያውቅ እንኳ፣ ዘይቱን በጊዜው ለመቀየር ምክንያት አለው። የሚያወጣውም የሚያተርፈውም እሱው ነው።

ዛሬ ጉዳዩ ከበፊቱ ይልቅ ይከብዳል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ፣ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ሞተሩም፣ ፒስተኑም፣ ፋሻውም ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በዕቁብ ወይም በብድር የተገዛ ሞተር ያለጊዜው ሲፈታ የሚወጣው የመለዋወጫ ዋጋ ብቻ አይደለም። ሞተሩ ጋራዥ ተፈትቶ በተኛበት ቀን ሁሉ ባለቤቱ ገቢ የለውም፤ ልጁም እንጀራ የለውም። የዘይቱን ዋጋ ለማትረፍ ሲባል ሞተሩን ማጣት፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ዓይነት ነው።

ለመሆኑ ያ ዘይት ምን ስለሚሠራ ነው ይህን ያህል የሚያስጨንቀው? ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው የሥራ ሞተሮች ብዙዎቹ የሚይዙት አንድ ሊትር አካባቢ ዘይት ነው። መኪና ላይ ለሞተሩ ለብቻ፣ ለካምቢዮው ለብቻ ዘይት አለ። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን ያው አንድ ሊትር ፒስተኑንና ፋሻውን ያለሰልሳል፣ የካምቢዮውን ጥርሶች ይቀባል፤ ፍሪሲዮኑም እሱው ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው። በዚያ ላይ ራዲያተር የሌለው፣ በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሙቀቱን የሚያስወጣው በከፊል በዚሁ ዘይት ነው።

የካምቢዮ ጥርሶች ዘይትን ያደክማሉ። ዘይቱ ሲሞቅ እንዳይቀጥን የሚጨመሩበት ረጃጅም ሞለኪውሎች በጥርሶቹ መካከል ሲያልፉ ይቆራረጣሉ። ስለዚህ 20ደብልዩ50 ተብሎ የገባው ዘይት ያንን ውፍረቱን ይዞ አይቆይም። ሌላው ነገር ማጣሪያ ነው። ብዙ ትንንሽ ሞተሮች እንደ መኪና የወረቀት ፊልትሮ የላቸውም። ትልልቁን ቆሻሻ የሚይዝ የሽቦ ወንፊት አላቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እየተሽከረከረ ቆሻሻውን ወደ ዳር የሚጥል ክፍል ይጨምራሉ። ደቃቁ ብናኝ ግን ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ከሞተሩ የሚወጣውም ዘይቱ ሲፈስ ነው። በላዩ ላይ አዲስ ዘይት መጨመር ብናኙን አያወጣውም።

ደቃቅ ብናኝ ምን እንደሆነ ለሐዋሳ ሰው አይነገረውም። ከተማዋ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ጥንት እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በሰመጠ ቦታ ላይ ነው። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ ያለበት፣ ቀሎ የሚነሳ አፈር ነው። በበጋ ከአስፋልቱ ወጥቶ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያልተነጠፉ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚመላለስ ሞተር ቀኑን ሙሉ ይህን አቧራ ይምጋል። የአየር ማጣሪያው ከተቀደደ ወይም ከነጭራሹ ከተነቀለ አቧራው ሞተር ውስጥ ገብቶ ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል። ያኔ ዘይቱ ማለስለሱን ትቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፋሻውንና ሲሊንደሩን ይሞርዳል። ከጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ ሲወጣ ከታየ ነገሩ ብዙ ተጉዟል፤ ሞተሩ ዘይት መብላት ጀምሯል።

እንግዲህ ወደ ቁጥሩ። የእነዚህ ሞተሮች የፋብሪካ መመሪያዎች በጥቅሉ ተመሳሳይ ነገር ይላሉ። አዲስ ሞተር የመጀመሪያውን ዘይት ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ይቀይራል፤ አዲሶቹ ብረቶች እርስ በርስ ሲላመዱ የሚላጠው ደቃቅ ብረት መውጣት አለበት። ፒስተንና ፋሻ ተቀይሮለት የተሠራ ሞተርም እንዲሁ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ቁጥር እንደ ሥሪቱ ይለያያል፤ ከ3,000 እስከ 6,000 የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ከዚያም በላይ የሚሉ አሉ። ግን እነዚያው መመሪያዎች መንገዱ አቧራማ ከሆነ፣ ጭነት ከበዛ፣ ጉዞው አጭር አጭር ከሆነ ጊዜውን አሳጥሩ ይላሉ። ሐዋሳ ውስጥ ለእንጀራ የሚሮጥ ሞተር ሦስቱንም ያሟላል።

ኪሎ ሜትር ራሱ አታላይ መለኪያ ነው። ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር 3,000 ኪሎ ሜትር ለመሙላት 60 ሰዓት ይበቃዋል። ከተማ ውስጥ እየቆመ፣ እየተነሳ፣ ሰው እየጠበቀ በአማካይ 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄደው ግን ያንኑ 3,000 የሚሞላው በ200 ሰዓት ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ዘይቱ የተቃጠለበት ጊዜ ግን ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የሚያስነሳ ባለሱቅ ይህን ያውቃል። ጄኔሬተር የትም ስለማይሄድ ዘይቱ በሰዓት ይቆጠራል፤ ለትንንሾቹ የተለመደው በየ100 ሰዓቱ ነው። የከተማ ሞተር በጠባዩ ለጄኔሬተር ይቀርባል።

ደግሞ የኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ገመድ ተበጥሶ የቀረበት ሞተር ስንቱ ነው? የማይቆጥር ሞተር ላይ ስለ 2,000 እና ስለ 3,000 መከራከር ትርፍ የለውም። የሚሻለው በቀን መቁጠር ነው። በቀን 80 ኪሎ ሜትር፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሞተር በሳምንት 480፣ በአራት ሳምንት ደግሞ 1,920 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ የሥራ ሞተር በወር አንድ ጊዜ መቀየር ተገቢ ልክ ነው። ቀኑ የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ይሁን፣ በወር በ19 ገብርኤል ይሁን፣ ዕቁብ የሚጣልበት ቀን ይሁን ለውጥ የለውም። የማይረሳ ቀን ከሆነ በቂ ነው። ቢሮ አድርሶ የሚመልስ፣ ብዙ የማይሮጥ የግል ሞተር ደግሞ የመመሪያውን ቁጥር ይከተል፤ ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ዓመት ሳያልፍ ይቀየር።

«ታዲያ በየ1,000 ቢቀየርስ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። ከመዘግየት መፍጠን ይሻላል ማለት ያለ ነው። ነገር ግን ደህና የአየር ማጣሪያ ያለው ጤነኛ ሞተር በግማሽ ጊዜው ዘይቱ ቢደፋለት ወጪው እጥፍ ሲሆን፣ ዕድሜው እጥፍ አይሆንም። ያ ትርፍ ገንዘብ የአየር ማጣሪያውን ቢያጸዳና ቢቀይር ለሞተሩ የበለጠ ይጠቅመዋል። ማጣሪያው ተቀድዶ ሳለ ዘይት ቶሎ ቶሎ መቀየር ጣራው ለሚያፈስ ቤት ወለል እንደመወልወል ነው።

«ሲጠቁር አምጣው» የሚለውም ምክር መታረም አለበት። ጥሩ ዘይት ሞተሩን ስለሚያጥብ ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን ይዞ እንዲዞር ተብሎ የተሠራ ነው። መጥቆሩ ብቻውን ማለቁን አያሳይም፤ አለመጥቆሩም ደህንነቱን አያረጋግጥም። ከቀለም ሁሉ የሚያስደነግጠው ማኪያቶ መምሰሉ ነው። ያ ውኃ ገብቷል ማለት ስለሆነ፣ ለወሩ ቀን ሳይጠበቅ ዘይቱ ይቀየር፤ ውኃው የገባበትም ይፈለግ።

ከሁሉ በላይ የሚረሳው የዘይቱ መጠን ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ሞተር በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 200 ሚሊ ሊትር የሚበላ ከሆነ፣ 2,000 ሲደርስ የሚቀረው 600 ነው፤ 3,000 ሲደርስ ደግሞ 400። «3,000 ይችላል» የተባለለት ዘይት እዚያ ሲደርስ ከግማሽ በታች ሆኗል፤ ያም አነስተኛ ዘይት ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎ ያረጃል። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ለጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቆ መለኪያውን አውጥቶ መጥረግና እንደገና አስገብቶ ማየት ከአንድ ስኒ ቡና ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። መለኪያው ይጥበቅ ወይስ ዝም ብሎ ይግባ የሚለው እንደ ሥሪቱ ስለሚለያይ፣ የሞተሩን መመሪያ ማየት ወይም መካኒኩን መጠየቅ ነው።

ዘይቱም የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን። ጃፓኖች በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጃሶ ኤምኤ የሚባል መለያ አለ፤ ጠርሙሱ ላይ ይህ ወይም ኤምኤ2 ከተጻፈ ዘይቱ ፍሪሲዮን እንዳያንሸራትት ተደርጎ ተሠርቷል ማለት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል የሚባል የመኪና ዘይት ግን ሰበቃን የሚቀንስ ነገር ስለሚጨመርበት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትት ይችላል። ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ሲል መካኒክ ፍሪሲዮን ቀይር ይላል፤ ጥፋቱ ግን ከጠርሙሱ ሊሆን ይችላል። እሽጉ የተነካካ ዘይት አለመግዛት፣ ባዶውንም ጠርሙስ ቀዶ መጣል ደግ ነው፤ የተቃጠለ ዘይት አጣርቶ መልሶ ለሚሸጥ ሰው ደህና ጠርሙስ መስጠት አይገባም።

ይህ ሁሉ ከታወቀም በኋላ ጥያቄው ተመልሶ ወደ ሁለቱ ሰዎች ይመጣል። ማን ይግዛ? ማን ይይ? ማን ይቀይር?

ፍርዱ ብዙ አያስቸግርም። ዘይቱን መግዛት ያለበት ባለቤቱ ነው፤ ሞተሩ ዕድሜ ካገኘ ንብረቱ የሚቆይለት ለእሱ ነውና። መጠኑን በየጠዋቱ ማየት ያለበት ልጁ ነው፤ ሞተሩ ሳይነሳ አጠገቡ ያለው እሱ ነውና። ዘይት የሚቀየርበት ቀን ደግሞ ገቢው ይቀነስ። ልጁ ጋራዥ ለቆመበት ሰዓት ሙሉ ገቢ የሚጠይቅ ባለቤት፣ ልጁን ከጋራዥ እንዲሸሽ እየከፈለው ነው። ዘይቱን በአንዴ መግዛት ለሚከብደውም መላ አለ። ወሩ ውስጥ 26 የሥራ ቀን ካለ፣ ከየቀኑ ገቢ የዘይቱ ዋጋ አንድ ሃያ ስድስተኛ ለብቻ ይቀመጥ። በቀን ሲቆረስ ቤተሰብ የሚጎዳ ገንዘብ አይደለም።

የቃሉም ውል ደብተር ይኑረው። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ ካለ ኪሎ ሜትሩ፣ የዘይቱ ዓይነት፣ በመሀል የተጨመረው መጠን፤ አራት ነገር ብቻ። ይህች ደብተር ሁለቱንም ትጠብቃቸዋለች። ሞተሩ ቢበላሽ ልጁ «አልቀየርክም» ተብሎ በከንቱ አይወቀስም። በየወሩ የሚጨመረው ዘይት ሲበዛ ባለቤቱ ፋሻው ማለቁን ሞተሩ ሳይነክስ ያውቃል። ሞተሩን መሸጥ የፈለገ ቀንም በእጅ የተጻፈች ደብተር ከደላላ ምላስ ይልቅ ትታመናለች።

«ገንዘብ ብሰጠው ይበላዋል» የሚል ባለቤት ይኖራል። እንግዲያው ዘይቱን ራሱ ይግዛ፣ ሲቀየርም ቆሞ ይይ፤ በወር አንድ ሰዓት ነው። «ስለ ዘይት ብናገር ሞተሩን ይቀማኛል» የሚል ልጅም ይኖራል። ይህ ፍርሃት እውነት ነው፤ ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ነው። ለዚህም ነው ንግግሩን መጀመር ያለበት ባለቤቱ የሚሆነው፤ ቁልፍ በሚያስረክብበት በመጀመሪያው ቀን፣ ከገቢው ወሬ ጋር አብሮ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊም ለሞተሮቹ የዓመቱን ዘይት በአንድ ግዢ አስገብቶ፣ ለባለሙያው በየወሩ እያስፈረመ ቢሰጠው በየጊዜው የሚዞረው ወረቀት ይቀራል።

አንድ ነገር ይቀራል፤ የሚፈሰው ዘይት ወዴት ይሄዳል? በየወሩ የሚቀየር ሞተር በዓመት 12 ሊትር አካባቢ የተቃጠለ ዘይት ያወጣል። የሐዋሳ ሐይቅ ውኃ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ቦይ ውስጥ የተደፋ ዘይት ዝናብ ሲመጣ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል፤ ሐይቁ የደረሰው ደግሞ ተመልሶ የሚሄድበት የለውም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ከአንድ መኪና የዘይት ቅያሪ የሚወጣው ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። አሞራ ገደል ሄዶ አሣ የሚበላ ሞተረኛ የደፋውን ዘይት በሳህን እንዳይጠብቀው፣ ዘይቱን በጀሪካን ሰብስቦ ለሚረከበው ጋራዥ መስጠት አለበት። ጋራዦችም በርሜል ማስቀመጥ፣ ከተማ አስተዳደሩም በርሜሉን የሚያነሳ ሰው መመደብ ይገባቸዋል። ይህ ካልሆነ ደግሞ የሐይቁ ጉዳይ እንደ ሞተሩ ዘይት መሆኑ ነው፤ ሁሉም የሌላው ሥራ ነው ብሎ ይተወዋል።

ነገ ጠዋት ቁልፍ የሚያስረክብ ባለቤት ሁሉ «ገቢው ስንት ነው?» ከተባለ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምር፤ «ዘይቱን መቼ ነው የምንቀይረው?» ይበል። ከዚያ ቀኑን ደብተሩ ላይ ይጻፈው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው።